የአውሎ ነፋሱን አርባ ማን ያወጣል?

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል ከተማ፣ ባልዲ የያዘ ሰው የሚከበር ሰው ነበር። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ቧንቧው ደርቋል። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚኖሩባቸው ፎቆች ሽንት ቤት የሚለቀቅበት ውሃ የለም። በጎ ፈቃደኞች ለመጠጥ የማይሆን ውሃ በትልልቅ የፕላስቲክ ታንከር እየሞሉ በፒክአፕ ያመጣሉ፤ ወደ ባልዲ ይቀዱታል፤ ደረጃ ለደረጃ ይዘውት ይወጣሉ፤ በር ያንኳኳሉ። ውሃውን ደፍቶ መመለስ ብቻ አልነበረም ሥራቸው። መድኃኒቱ አልቆ እንደሆነ፣ ምግብ እንዳለ፣ ልጅ ወይም ዘመድ ደውሎ እንደሆነ ለማወቅ ያንኑ በር ደጋግመው ማንኳኳት ነበረባቸው። ሽንት ቤቱ የሞላበት ሽማግሌ በሩን መክፈት ያፍራል። በየሁለት ቀኑ የሚመጣ ፊት ሲሆን ግን እፍረቱ እየለቀቀ ይሄዳል፣ ወሬውም ይጀመራል።

የአውሎ ነፋስ ዜና ስንሰማ የሚታየን ጣሪያ ሲገነጠል፣ መኪና ሲንሳፈፍ፣ ሄሊኮፕተር ሰው ሲያነሣ ነው። ባልዲ ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው አይታየንም። እኔ ግን የዚያን ከባድ የአውሎ ነፋስ ወቅት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሰውን ያቆመው ይኸኛው ይመስለኛል።

ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን የመታው በደመራው ሌሊት ነው፤ መስከረም 16 ለ17 አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው። በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ይዞ፣ ደረጃ አራት ሆኖ ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአትላንታ ሰማዩ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ በሁለት ቀን ውስጥ 280 ሚሊ ሜትር ያህል ወረደ፣ ከተማዋም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛው የደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ታወጀባት። የመስቀል ዕለት ጠዋት ማዕበሉ አፓላችያን ተራሮች ላይ ደርሶ ነበር።

አሽቪል ሄሊን ከገባበት የባሕር ዳርቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች፣ ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የባሕር አውሎ ነፋስን የሸሹ ጡረተኞች ቤት የሚገዙባት፣ ከአየር ንብረት ለውጥ መጠለያ ትሆናለች እየተባለች የምትነሣ ነበረች። ግን ሄሊን ከመድረሱ በፊት ሌላ ዝናብ መሬቱን አጥግቦት ቆይቷል። ከዚያ ነፋሱ ያመጣው እርጥበት ተራራውን ሲገጨው ያለውን ሁሉ አራገፈ። ቡዚክ በምትባል መንደር በጥቂት ቀናት 780 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ ይበልጣል። ስዋናኖዋና ፍሬንች ብሮድ የተባሉት ወንዞች ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአካባቢው ሰው የጎርፍ መለኪያ አድርጎ የያዘውን ምልክት አልፈው ሄዱ። ከግድቡ ወደ ከተማው ውሃ የሚያመጡት ትልልቅ ቧንቧዎች፣ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት የተቀበረው ሁሉ ሳይቀር፣ ከአፈሩ ጋር ተጠራርገው ተወሰዱ። በክፍለ ግዛቱ ምዕራብ ከሀገሬው ቤተሰብ የጎርፍ መድን የነበረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ተራራ ላይ ለሚኖር ሰው የባሕር ነገር ምኑ ነው?

ሄሊን በስድስት ግዛቶች ወደ 250 የሚጠጋ ሰው ገደለ። በአሜሪካ ዋና ምድር ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) ካትሪና በኋላ ይህን ያህል ሰው የፈጀ አውሎ ነፋስ አልነበረም። ከሞቱት ከመቶ በላዩ የሰሜን ካሮላይና ሰዎች ናቸው።

ያ ወቅት ሲጀምርም ክፉ ነበር። በአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት የሚባለው ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ያለው ጊዜ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) አሥራ ስምንት ስም የተሰጣቸው ማዕበሎች ተነሡ፤ አሥራ አንዱ ሃሪኬን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቤሪል የመጣው ከእኛው አቅጣጫ ነው። በየክረምታችን ከኢትዮጵያ ደጋና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ የሚነሣ የአየር ሞገድ በሱዳን፣ በቻድ፣ በሳህል በኩል ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ አፍሪካን ጨርሶ ውቅያኖሱ ላይ ይወርዳል። በዓመት ስልሳ ያህል ሞገድ እንዲህ ያልፋል። አብዛኛው እዚያው ይበተናል፤ ሞቃት ውሃ ያገኘው ግን ይሽከረከራል፣ ከታላላቆቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖችም ብዙዎቹ ዘራቸው ይኸው ነው። ቤሪል ገና በሰኔ መጨረሻ ደረጃ አምስት ደረሰ፤ ይህን ያህል ቀድሞ እዚያ የደረሰ ማዕበል በአትላንቲክ ታይቶ አይታወቅም። የግሬናዳን ትንሽ ደሴት ካሪያኩን ሲያልፍባት ሳይጎዳ የቀረ ቤት እንደ ተአምር የሚቆጠር ሆነ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ደረጃ አንድ ብቻ ሆኖ ሂዩስተን ገባ።

ደረጃ አንድ ሲባል ሰው ይንቀዋል። ደረጃው የሚለካው ግን ነፋሱን ብቻ ነው፤ ዝናቡን፣ የባሕሩን መገንፈል፣ መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋ አይናገርም። በሂዩስተንና በዙሪያዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ጊዜው የሐምሌ ሙቀት የሚጋረፍበት ነበር። ሰዉ የትኛው ሰፈር መብራት እንዳገኘ ለማወቅ የአንድ በርገር ቤት የስልክ መተግበሪያን ይከፍት ጀመር፤ ቅርንጫፉ ክፍት ከሆነ ሰፈሩ መብራት አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ከችግር ይወለዳል። ግን ብልሃቱ ስልክ ለያዘ፣ ስልኩም ባትሪ ላለው ሰው ነው። ፎቅ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ አየር ማቀዝቀዣቸው ለቆመ አረጋዊ የሚደርሰው አሁንም በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው።

ወደ ተራራው እንመለስ። ሄሊን ባለፈበት ጠዋት የክልሉ ባለሥልጣናት በምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ያለ መንገድ ሁሉ እንደተዘጋ ቁጠሩት አሉ። ኢንተርስቴት 40 የሚባለው አውራ ጎዳና በገደሉ በኩል ተገምሶ ወንዝ ውስጥ ወድቋል። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። በዚህ ጊዜ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ከፍተኛ በሆነው በማውንት ሚቸል ተራራ ላይ የነበረ የአማተር ሬዲዮ ማስተላለፊያ መሥራቱን አላቆመም። የሬዲዮ ፍቅር ያላቸው ሰዎች ቀን ከሌሊት ተቀምጠው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መልእክት አሻገሩ፤ ኦክስጅን ያለቀበት ሰው አለ፣ እናቴን የሚያይልኝ ሰው፣ ድልድዩ ሄዷል በዚህ አትምጡ። የአካባቢው ሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያም የካውንቲውን መግለጫ በቀን ሁለት ጊዜ ሲያስተላልፍ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። መኪና መድረስ ወዳልቻለበት መንደር በቅሎ ተጫነ። ምግብ፣ ኢንሱሊን፣ የሕፃን ወተት በበቅሎ ጀርባ ተራራ ወጣ። የእኛ አንባቢ በቅሎ ምን ማድረግ እንደምትችል አይጠፋውም፤ አሜሪካኖቹ ግን በዚያ ሳምንት እንደ አዲስ ተማሩት።

ፖለቲካ ሳይንቲስቱ ዳንኤል አልድሪች ከቶኪዮ የ1923 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ኒው ኦርሊንስ ካትሪና ያሉ አደጋዎችን አነጻጽሮ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰፈር ቶሎ እንዲያገግም ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ሰዎች እርስ በርስ ያላቸው ትስስር እንደሆነ ይከራከራል። ገንዘብና የጉዳቱ መጠን ብቻቸውን ልዩነቱን አያስረዱም። የአሽቪልን ወሬ ለተከታተለ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ድንኳን የተከሉት፣ ሩዝ የቀቀሉት፣ ጭቃ የጠረጉት አስቀድመው የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፦ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ የሰፈር ኮሚቴ፣ የስደተኞች ማኅበር።

ታዲያ እኔን የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ደግ ነው።

የአደጋ ጊዜ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚከተሉት አንድ ሥዕል አለ። አደጋው እንደደረሰ ጀግንነት ይነግሣል፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ከውሃ ያወጣል። ከዚያ የሙሽርነት የሚመስል ጊዜ ይመጣል፤ እርዳታው ይጎርፋል፣ ሰው ተቃቅፎ ይውላል፣ አብረን ተረፍን ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ቁልቁለት ነው። ቅጹ አልተሞላም ተብሎ ይመለሳል፣ መድን ሰጪው አይከፍልም፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሸጦ ይሄዳል፣ ካሜራው ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። ይህ ቁልቁለት ወራትን ይፈጃል፤ ሰው የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩም ይህን ይመሰክራል። ሄሊን ከመታ ሳምንት ሳይሞላ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ1930 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካን የመቱ 501 ማዕበሎችን መርምሮ ነበር። በይፋ መዝገብ አንድ ማዕበል በአማካይ የሚገድለው 24 ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያሉትን 15 ዓመታት ሲቆጥሩ ከአንድ ማዕበል ጋር የተያያዘው ተጨማሪ ሞት ከ7,000 እስከ 11,000 ይደርሳል አሉ። ሥራ ያጣ፣ ቁጠባው ያለቀ፣ ሐኪሙ የራቀው፣ ጭንቀት ልቡን የጎዳው ሰው ቀስ ብሎ ይሞታል። ፖርቶ ሪኮ ይህን በአጭር ጊዜ አሳይታለች፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከማሪያ አውሎ ነፋስ በኋላ መንግሥት የሞቱት 64 ናቸው ሲል ቆየ፣ በዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲቀርብ ቁጥሩ 2,975 ሆነ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት መብራት ጠፍቶ የመተንፈሻ መሣሪያቸው የቆመባቸው፣ የኩላሊት እጥበት ያመለጣቸው፣ መንገድ ተዘግቶ ሐኪም ያላገኙ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ሐዘን ሥርዓት ትዝ ይለኛል። ለቅሶ ቤት የሚጎርፈው ሰው በሦስተኛው ቀን ይሳሳል፤ ሥርዓቱ ግን ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው አልጠራም፣ እንግዳውም አልተጋበዝኩም አይልም፤ ቀኑ ራሱ ይጠራል። ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዳይቀር ዘመዱ የሚመለስበት ቀን ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ሄሊን ካለፈ አርባኛው ቀን ጥቅምት 26 ነበር። አሽቪል ያን ዕለት ሊጠጣ የሚችል የቧንቧ ውሃ አልነበራትም፤ ውሃው ሳይፈላ ይጠጣ የተባለው ከ53 ቀናት በኋላ ኅዳር 9 ነው። ያው ጥቅምት 26 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዕለት ሆኖ ዋለ፤ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለ ድምፅ ቆጠራ ያወራል። ሰማንያው ታኅሣሥ 6 ላይ ሲደርስ ተራራው ላይ ብርዱ ገብቷል፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በካራቫን፣ አንዳንዶቹም በድንኳን ነበሩ። ኢንተርስቴት 40 በየአቅጣጫው በአንድ መስመር ብቻ የተከፈተው በመንፈቁ አካባቢ፣ የካቲት 22 ነው። ከሩቅ ሆኖ ለመርዳት የሚፈልግ ሰው መደወል ያለበት በእነዚህ ቀኖች ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስልኩም አይሠራም፣ ጆሮውም አይሰማም።

ሲደወልስ ምን ይባላል? እኛ ዘንድ «ደህና ነህ ወይ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ጣሪያው ቢነሣም፣ ምድጃው ቢጠፋም። ጨዋነት ነው፣ ግን ብዙ ይደብቃል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ጥያቄ ይሻላል፦ ምሳ ምን በላችሁ? ማታ የት ታድራላችሁ? የስኳር መድኃኒቱ ለስንት ቀን ይበቃል? ቅጹን ማን ሞላላችሁ? መልሱ ካልተገኘ ደግሞ ጥያቄውን ትቶ መሥራት ነው። «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» ማለት ሸክሙን ለደከመው ሰው መመለስ ነው፤ «ቅዳሜ ጠዋት መጥተን ጭቃውን እንጠርጋለን» ማለት ግን ለራስ ሥራ መስጠት ነው።

የተጎዳ ሰው የደረሰበትን ደጋግሞ ማውራት ይችላል፤ አለማውራትም ይችላል። ባለሙያዎች የሚመክሩት እንዲያወራ እንዳንገፋው፣ ሲያወራ ግን እንዳናቋርጠው ነው። ከካትሪና በፊት ጀምሮ የተመዘገቡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የኒው ኦርሊንስ እናቶች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ከ12 ዓመት በኋላም ከስድስቱ አንዷ የዚያ ማዕበል ጭንቀት ምልክት እንዳልለቀቃት አግኝቷል። አብዛኞቹ ግን ወደ ቀድሞ ጤናቸው ተመልሰዋል። ሁለቱም እውነት መነገር አለበት፤ ጊዜ ሁሉን ይሽራል ማለትም፣ የተጎዳ ሁሉ ተሰብሮ ይቀራል ማለትም ትክክል አይደለም።

የሚረዳውም ሰው ይደክማል። መስከረም 27 ቀን፣ ሄሊን ከመታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚልተን የተባለው ማዕበል በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ በአሥር ሰዓት ውስጥ የአየር ግፊቱ 50 ሚሊባር ወርዶ እጅግ በረታ። የማያሚው የአየር ትንበያ ባለሙያ ጆን ሞራሌስ ይህን በቴሌቪዥን ሲናገር ድምፁ ታነቀ፣ እንባ ተናነቀው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ሥራ የሠራ ሰው ነው። ሰዎች ያዘኑለትን ያህል የተጽናኑበትም ብዙ ናቸው፤ የፈሩት እነርሱ ብቻ እንዳልሆኑ አዩ። በፍሎሪዳዋ ቴምፓ አካባቢ ያለው ሕዝብ የሄሊንን ፍርስራሽ ከደጁ ሳያነሣ ሚልተንን ሸሽቶ ተሰደደ፤ ሚልተንም መስከረም 29 ሌሊት ገባ። ሁለተኛው ማዕበል የሚያገኘው የደከመ ሰው ነው። ስለዚህ ባልዲ የሚሸከመውም ፈረቃ ይፈልጋል፤ እሱንም «አንተስ ተኝተሃል ወይ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጎርፉ ባልተናነሰ ጎዳ፤ ወሬ። የፌዴራሉ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ለአስቸኳይ ፍላጎት ወዲያው የሚሰጠው 750 ዶላር ነበር። ይህ የመጀመሪያ እርዳታ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጠቅላላው የሚሰጠው ይኸው ነው፣ ብድር ነው፣ ካልመለስክ መሬትህን ይወስዱብሃል የሚል ወሬ ተዛመተ። የተጎዱ ሰዎች ፈርተው ሳያመለክቱ ቀሩ። በጥቅምት መጀመሪያ በአንድ ካውንቲ በሠራተኞቹ ላይ ዛቻ ደርሶ ቤት ለቤት የሚሄዱት ለጥቂት ቀናት ሥራቸውን ለመቀየር ተገደዱ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የምንኖር ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል። ያላጣራነውን መልእክት ማስተላለፍ እርዳታ አይደለም፤ ቅጹ በትክክል ምን እንደሚል በአማርኛ ማንበብና ማስረዳት ግን ትልቅ እርዳታ ነው። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የጎደለ ወረቀት አለ ማለት ብቻ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናት ደብዳቤውን አንብበው ሳይሆን ተስፋ ቆርጠው ይጥሉታል።

ሂዩስተን፣ አትላንታ፣ ቴምፓ ያሉ ወገኖቻችን ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ በእጃቸው አለ። እድር አላቸው፤ ማኅበር አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አላቸው። እድር ግን በአብዛኛው የተሠራው ለሞት ነው። ቤት በጎርፍ ሲሞላ ደንቡ ዝም ይላል፤ አባሉም ማስቸገሩን አፍሮ ዝም ይላል። እኔ ደንቡ ቢሻሻል እላለሁ። የአባላት ስልክና አድራሻ በወረቀት ይጻፍ፣ ምክንያቱም ስልኩ ሲሞት በስልኩ ውስጥ ያለው ዝርዝር አብሮ ይሞታል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ የኦክስጅንና የኩላሊት እጥበት ሕመምተኞች፣ አዲስ የመጡና መኪና የሌላቸው ሰዎች በስም ይታወቁ፤ ለእያንዳንዳቸው ማን ሄዶ እንደሚያነሣቸው ይመደብ። ጄኔሬተር ያለው አባል ይታወቅ፤ ጄኔሬተሩ ግን ከቤትና ከመኪና ማቆሚያ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይነሣ፤ ከሰልም ቤት ውስጥ አይነድ። ከነፋሱ ተርፎ በጢሱ የሞተው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። ከዚያ ደግሞ ቀኖቹ ይቆጠሩ፤ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው፣ በመንፈቁ ማን እንደሚደውልና ማን እንደሚሄድ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

በስብሰባው ላይ አንድ ሰው ስለ መድንም ቢናገር ጥሩ ነው። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይከፍልም፤ የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፣ ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል። ከተገዛ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ወቅቱ ግንቦት 24 ስለሚገባ ስብሰባው ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት ቢጠራ ይደረሳል።